ጄምስ ብሩስና የበጌምድር ዕፀ መድኃኒት

ከደብረ ታቦር በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የጉና ተራራ የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ ነው። ሁለቱም ወንዞች ከደጋው ወርደው የፎገራን ሜዳ ካጠጡ በኋላ ጣና ሐይቅ ይገባሉ። በ1762 ዓ.ም. ግንቦት ወር ገደማ፣ ደብረ ታቦር ገና ሳትቆረቆር፣ የራስ ሚካኤል ስሑል ጦር ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ደቡብ ሲዘምት እነዚህን ወንዞች ተሻግሯል። በሠራዊቱ መካከል ቁመቱ 1 ሜትር ከ90 የሚያልፍ፣ ጠጉሩ ቀላ ያለ አንድ የባዕድ አገር ሰው ነበረ። ይህ ሰው የጦር መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የመድኃኒት ሣጥን፣ የኮከብ መመልከቻ መሣሪያና የሥዕል ወረቀት ይዞ ይጓዝ ነበር። ስሙም ጄምስ ብሩስ ነው።

ብሩስ በአገራችንም ሆነ በውጭ አገር የሚታወቀው የዓባይን ምንጭ ለማየት በመጣ ተጓዥነቱ ነው። በጎንደር ቤተ መንግሥት ያስገባውና በሕይወት ያቆየው ግን የሐኪምነት ሥራው እንደነበረ፣ ከኢትዮጵያ ይዞት ከወጣው ሀብት ውስጥም የዕፀዋት መግለጫው ከፍ ያለ ቦታ እንደሚይዝ ብዙ ጊዜ አይነገርም። ለመድኃኒት ሙያተኞች የሕይወቱ ታሪክ ከዚህ በኩል ሲታይ የተለየ ትምህርት ይሰጣል። አንድ ዕፅ ከአገሬው ሰው እጅ ወጥቶ ወደ ዓለም የመድኃኒት መዝገብ ሲገባ ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚያጣ ከዚህ ሰው ሕይወት በግልጽ ይታያል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጄምስ ብሩስ በታኅሣሥ 14 ቀን 1730 በስኮትላንድ ኪኔርድ በተባለው የቤተሰቡ ርስት ተወለደ። ወደ እንግሊዝ አገር ተልኮ በሃሮ ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ በኤዲንበርግ ሕግ ማጥናት ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ትምህርቱ ስላልተስማማው ተወው። በ1754 የአንድ የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ የሆነችውን አድሪያና አለንን አገባ። ጋብቻው ዓመት ሳይሞላው ሚስቱ በሳምባ ነቀርሳ ፓሪስ ላይ ሞተችበት። ከዚህ ኀዘን በኋላ በንግዱ ምክንያት ወደ ስፔይንና ወደ ፖርቱጋል ተጓዘ፤ ዐረብኛንም ማጥናት ጀመረ። ታላቁ የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ካሳተማቸው መጻሕፍትም ግዕዝን ለመማር ሞከረ። ኢትዮጵያን ከማየቱ በፊት በቋንቋዋ በኩል ሊተዋወቃት መፈለጉ በዘመኑ ከነበሩት ተጓዦች ለየት የሚያደርገው ነው።

በ1763 በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ተሾመ። ሹመቱን ከለቀቀ በኋላ የሰሜን አፍሪካን የጥንት ሮማውያን ፍርስራሾች እየዞረ ሲያጠና ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ተወላጅ ሠዓሊ ቀጥሮ አብሮት ወሰደ። በሊቢያ ጠረፍ መርከባቸው ተሰብሮ ብሩስ ዋኝቶ ከሞት ተረፈ፤ ብዙ መሣሪያዎቹ ግን ጠፉበት። ከዚያ ወደ ሶርያ አለፈ። በሐለብ ከተማ በወባ ታሞ ሲተኛ ያከመው ፓትሪክ ራስል የተባለ የአገሩ ሰው ሐኪም ነበር። ብሩስ ከዚህ ሐኪም ዘንድ ሲቆይ የሕክምናን ሥራ ተማረ፤ መድኃኒቶችም ተሰጡት። በሐኪም ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ የተመረቀ ሐኪም አልነበረም። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ለአንድ መንገደኛ ከወርቅ ይልቅ በር የሚከፍትለት መድኃኒት መሆኑን በሚገባ ተረድቶ ነበር።

ብሩስ በመስከረም 1769 ምጽዋ ደረሰ። በአድዋና በስሜን በኩል አድርጎ በየካቲት 1762 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። በዚያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ አጼ ተክለ ሃይማኖት ሲሆኑ፣ ሥልጣኑ በትግሬው መስፍን በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ በቁስቋም ቤተ መንግሥታቸው ተቀምጠዋል። ብሩስ ሲደርስ ራስ ሚካኤል በዘመቻ ላይ ነበሩ። በቁስቋም ግን ፈንጣጣ ገብቶ የእቴጌይቱን የልጅ ልጆችና የወይዘሮ አስቴርን ልጅ ይዞ ነበርና፣ አዲሱ እንግዳ ሐኪም መሆኑ እንደ ተሰማ ወዲያው ተጠራ።

በሽተኞቹ የተኙባቸው ክፍሎች እንደ አገሩ ልማድ በራቸውና መስኮታቸው ተዘግቶ ነበር። ብሩስ የመጀመሪያ ሥራው መስኮቶቹን ማስከፈት፣ ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ ማጠን፣ በሆምጣጤና በሞቀ ውኃ ማሳጠብ ሆነ። ፈንጣጣን የሚያድን መድኃኒት በማንም እጅ አልነበረም፤ ስለዚህ የሞቱም የዳኑም ነበሩ። የወይዘሮ አስቴር ልጅ ግን ዳነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወይዘሮ አስቴርና እቴጌ ምንትዋብ የብሩስ ጠባቂዎች ሆኑ። በእርስ በርስ ጦርነት በታመሰችው ጎንደር ከሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በደኅና ሊኖር የቻለው በዚህ ነው። ከመድኃኒቶቹ መካከል ዕጣንና ከርቤ የአገሪቱ የራሷ ዕፀዋት ውጤት መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል።

ብሩስና ባሉጋኒ በየመንገዱና በየቆዩበት ሥፍራ ዕፀዋትን ይመለከቱ፣ ይሥሉና ይመዘግቡ ነበር። ከመዘገቧቸው መካከል ኮሶ፣ ቀንጠፋ፣ ቁልቋል፣ ወልከፋ፣ እንሰት፣ ጤፍና ኑግ ይገኙባቸዋል። ሌሎች የዘመኑ አጥኚዎች ለሚያገኙት ዕፅ የላቲን ስም ብቻ ሰጥተው ሲያልፉ፣ ብሩስ አገሬው የሚጠራበትን ስም ጠብቆ፣ በላቲን ፊደል ቢያጣምመውም፣ ርእስ አድርጎ አስፍሮታል። ስለዚህም ከ250 ዓመት በኋላ የሚያነበው ኢትዮጵያዊ አብዛኛዎቹን ዕፀዋት ያለ አስተርጓሚ ሊያውቃቸው ይችላል። ስለ ኮሶ ሲጽፍ የዛፉን መልክ፣ የሚበቅልበትን ደጋና የሴቴዋን አበባ ቀይ ዘለላ ብቻ ሳይሆን፣ ሕዝቡ በየጊዜው ለትል መድኃኒት እንደሚጠጣው፣ መንገደኛም ያለ ኮሶ ከቤቱ እንደማይወጣ ገልጿል። በጉናና በአካባቢው ደጋዎች የኮሶ ዛፍ ዛሬም ከቤተ ክርስቲያን ቅጥርና ከሸለቆ ጥግ አልጠፋም።

በግንቦቱ ዘመቻ ብሩስ ከጦሩ ጋር በጣና ምሥራቅ አድርጎ ሲያልፍ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ተመለከተ፤ ወደ ግሽ ዓባይ ግን በዚያ ጉዞ ሊደርስ አልቻለም። በንዳድ ተይዞ ስለ ደከመ ለጤናው ሲል በእንፍራዝ ተቀመጠ። በመጨረሻም በጥቅምት 1763 ዓ.ም. ግሽ ዓባይ ደርሶ ምንጩን አየ። ከእርሱ አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ቀደም ብሎ ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ሚሲዮናዊ ምንጩን ማየቱን ብሩስ ለማመን አልፈለገም። ይህ ክብርን ለሌላ የመስጠት ችግር በሕይወቱ ደጋግሞ የታየ ጉድለት ነው።

በሐኪም ዓይን ከመዘገባቸው በሽታዎች ሁለቱ የእግር በሽታዎች ናቸው። አንደኛው ዝሆኔ ነው። ብሩስ በበሽታው የተያዘ ሰው እግር ከጉልበቱ በታች እንደሚያብጥ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ውፍረት እንደሚይዝ፣ ቆዳውም ዙሪያውን እየተጨማደደ ቀለበት እንደሚሠራ በጥንቃቄ ገልጿል። ይህ መግለጫ በኢትዮጵያ ስለ ዝሆኔ ከተጻፉት ቀደምት መግለጫዎች አንዱ ነው። የዚህ የደጋ ዝሆኔ ምክንያት የታወቀው ግን በሃያኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን ያገለገለው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሽታው ከትል ወይም ከትንኝ ሳይሆን፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ አፈር በባዶ እግር በሚሄድ ሰው ቆዳ ውስጥ ሲገባ የሊምፍ መሥመሮችን በማቁሰሉ እንደሚመጣ አሳየ፤ ስሙንም ፖዶኮኒዮሲስ አለው። ዛሬ በኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሠቃይ ይገመታል፤ ከእነዚህም በአማራ ክልል ደጋዎች የሚኖሩት ብዙ ናቸው። መከላከያው ጫማ፣ ሕክምናውም እግርን በሳሙናና በውኃ አዘውትሮ መታጠብ፣ ቅባት መቀባትና በፋሻ መጠቅለል ነው።

ሁለተኛው የጊኒ ትል ነው። ብሩስ በቀይ ባሕር ጠረፍና በቆላ አገር ያየውን ይህን በሽታ ሲመዘግብ፣ ትሉ ከቆዳ ብቅ ሲል በቀስታ በትንሽ እንጨት ላይ እየተጠቀለለ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እንደሚወጣ፣ ቢበጠስ ግን ትልቅ አደጋ እንደሚያስከትል ጽፏል። ይህን ሲመለከት በራሱ ላይ ሊደርስ ያለውን ነገር አላወቀም ነበር።

በ1771 መጀመሪያ ሉዊጂ ባሉጋኒ በጎንደር ታሞ ሞተ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የበጌምድሩ ወንድ በወሰንና የአማራው ጎሹ ከራስ ሚካኤል ጋር በሰርባኩሳ ተዋጉ። ብሩስ በውጊያው ሥፍራ ነበረ፤ ቁስለኞችንም አከመ። ራስ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ። ከዚህ በኋላ ብሩስ ወደ አገሩ ለመመለስ ፈቃድ ለምኖ በታኅሣሥ 1764 ዓ.ም. ከጎንደር ወጣ። የመረጠው መንገድ በራስ ፊል አድርጎ ወደ ስናር የሚወስደው የቆላ መንገድ ነው።

በራስ ፊል ብሩስን ለብዙ ጊዜ ሲያሠቃየው የነበረው የደም ተቅማጥ ጸናበት። ይዞት የመጣው የአውሮፓ መድኃኒት አልጠቀመውም። በዚህ ጊዜ የአገሩ ሰዎች ዋጊኖስ የሚባለውን ቁጥቋጦ አሳዩት። የሥሩ ቅርፊት ደርቆ ከተፈጨ በኋላ እንዲወስደው አደረጉት፤ ብዙ ሳይቆይም ዳነ። ብሩስ የዕፁን መልክ፣ ጥቅም ላይ የሚውለውን ክፍልና አወሳሰዱን መዝግቦ ዘሩን ያዘ። አንድ ሐኪም በሽተኛ ሆኖ ከሚንቃቸው ሊባሉ ከሚችሉ ሰዎች እጅ መድኃኒት መቀበሉ፣ ከዳነም በኋላ የነገሩትን በትክክል መጻፉ ለብሩስ ትልቅ ክብር ነው። የሚያሳዝነው ግን ዕፁን የብሩስ ስም ሲከተለው፣ ያሳዩት ሰዎች ስም በሳይንሱ መዝገብ ውስጥ ቦታ አለማግኘቱ ነው።

ከስናር ወደ ሰሜን ያለው የኑቢያ በረሃ ከሁሉ የከፋው ነበር። ውኃ አለቀ፤ ግመሎቹ ወደቁ። የብሩስ እግሮች አብጠው ቆዳቸው ተገፈፈ። ወደ አስዋን ለመድረስ ሲል ማስታወሻዎቹን፣ ሥዕሎቹንና መሣሪያዎቹን በበረሃው ላይ ጥሎ መሄድ ግድ ሆነበት። በኅዳር 1772 መጨረሻ አስዋን ከደረሰ በኋላ ግን ዕረፍት ሳያበዛ አዲስ ግመሎች ይዞ ወደ በረሃው ተመለሰ፤ የጣለውንም ዕቃ እንዳለ አገኘው። ያን ቀን ባይመለስ ኖሮ የጎንደር ዘመን ሥራው ሁሉ በአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ በቀረ ነበር።

ከግብፅ ወደ ማርሴይ በመርከብ ሲጓዝ በእግሩ ውስጥ የጊኒ ትል ነበረበት። በየቀኑ በጥንቃቄ እየተጠቀለለ መውጣት የነበረበትን ትል የመርከቡ ሐኪም ቁስሉን ሲያጥብ በቸልታ በጠሰው። እግሩ ክፉኛ አበጠ፤ መግል ያዘ። በማርሴይ የመንገደኞች ማቆያ ለብዙ ቀን በሥቃይ ተኛ፤ ከዚያም በኋላ ለረዥም ጊዜ ያነክስ ነበር። ለእግሩ ፈውስ ፍለጋ ወደ ጣልያን አገር የፍል ውኃ ሥፍራ ሄዷል። አገሬው ያለ ትምህርት ቤት የሚያውቀውን የትዕግሥት ሥራ ዲፕሎማ ያለው ሐኪም ሳያውቀው መቅረቱ በሕይወቱ ውስጥ ከታዩት ምጸቶች አንዱ ነው። የጊኒ ትል እስከ ዛሬ ድረስ መድኃኒትም ክትባትም አልተገኘለትም። በ1986 ወደ 3.5 ሚሊዮን ይገመት የነበረው የሕሙማን ቁጥር በ2023 በዓለም ዙሪያ ወደ 14 ሰዎች የወረደው የመጠጥ ውኃን በማጣራትና በሽተኛው ወደ ውኃ እንዳይገባ በመከልከል ነው።

ከብሩስ መዝገብና ከራሱ ሥቃይ የሚነሣ አንድ ቁም ነገር አለ፤ ይኸውም ያበጠ እግር ሁሉ አንድ በሽታ አለመሆኑ ነው። የብሩስ እግር በትል አበጠ፤ የደጋው ገበሬ እግር በአፈር ያብጣል። ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ የደም መልስ ሥሮች ድካም ነው። ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሽቅብ የሚጓዘው የባት ጡንቻ ሲኮማተር እየገፋው፣ በሥሮቹ ውስጥ ያሉት ቫልቭ የሚባሉ ትናንሽ መዝጊያዎችም ወደ ኋላ እንዳይመለስ እየያዙት ነው። መዝጊያዎቹ ሲላሉ ደሙ በታች ይጠራቀማል፤ ሥሮቹ ይወጠራሉ፣ ይጠማዘዛሉ፤ ማታ ማታ ቁርጭምጭሚት ያብጣል፤ ቆዳው ይጠቁራል፤ በመጨረሻም የማይድን የሚመስል ቁስል ይወጣል። ቆመው ለሚውሉ ሠራተኞችና ደጋግመው ለወለዱ እናቶች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ብሩስ በኖረበት ዘመን የደም ዝውውር ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ ሐኪሞች ለዚህ በሽታ ከፋሻ የተሻለ ነገር አልነበራቸውም። ፋሻው ዛሬም የሕክምናው መሠረት ነው።

በዕፀዋት በኩል በዚህ በሽታ ላይ በብዛት የተጠናው ሆርስ ቼስትነት የሚባለው የአውሮፓ ዛፍ ፍሬ ነው። ከፍሬው የሚወጣው ኤስሲን የተባለ ንጥረ ነገር ለአጭር ጊዜ ሲወሰድ የእግርን ሕመምና እብጠት እንደሚቀንስ የንጽጽር ጥናቶች አሳይተዋል፤ ያልተዘጋጀው ጥሬ ፍሬ ግን መርዝ ነው። ሌላው ሩቲን ነው። ይህን ንጥረ ነገር በ1842 ኦገስት ቫይስ የተባለ የኑረምበርግ መድኃኒት ቀማሚ ያገኘው ከአውሮፓው ጤና አዳም ሲሆን፣ ስሙም ከዚያው ዕፅ የላቲን ስም የመጣ ነው። በኢትዮጵያ በየጓሮው የሚበቅለው ጤና አዳምም የዚህ ወገን በመሆኑ ሩቲን አለው። ከሩቲን የተሠሩ መድኃኒቶች ለደም መልስ ድካም በብዙ አገሮች ይሸጣሉ። ሆኖም ቡና ላይ ጣል የሚደረግ የጤና አዳም ቅንጣቢ የተወጠረ ሥርን ይፈውሳል ማለት አይደለም። እንዲያውም ዕፁ በብዛት ሲወሰድ ማሕፀንን የሚያኮማትርና ፅንስ የሚያስወርድ በመሆኑ፣ የእግር ሥር መወጠር በሚበዛበት በእርግዝና ጊዜ መስጠቱ አደገኛ ነው። ጭማቂው ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያርፍበትም ያቃጥላል። እግሩ ላበጠበት ሰው ዕፅ ከመስጠት በፊት እብጠቱ ከምን እንደ መጣ መለየት የግድ የሚሆነው ስለዚህ ነው። በአፈር የመጣው ጫማና ውኃ፣ በትል የመጣው ትዕግሥት፣ ከልብ ወይም ከኩላሊት ድካም የመጣው የሐኪም ምርመራ፣ ከደም መልስ የመጣው ፋሻና እንቅስቃሴ ይፈልጋል። ለሁሉም አንድ ቅጠል መስጠት ለማንም አለመስጠት ነው።

ብሩስ በ1774 ለንደን ሲደርስ በመጀመሪያ በክብር ተቀበሉት። የኢትዮጵያን ነገር ሲተርክ ግን፣ በተለይ ስለ ጥሬ ሥጋ የተናገረውን ሲሰሙ፣ የከተማዪቱ ሊቃውንት አፌዙበት። ከእነዚህም አንዱ ገና በወጣትነቱ የኢየሱሳዊው ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ሳሙኤል ጆንሰን ነበር። ብሩስ ተቆጥቶ ወደ ርስቱ ተመለሰ። በ1776 ሜሪ ደንዳስን አግብቶ ልጆች ወለደ። ሚስቱ በ1785 ከሞተች በኋላ ኀዘኑን ለማስረሳት ሲል መጽሐፉን መጻፍ ጀመረ። የጉዞው ታሪክ በ1790 በአምስት ትላልቅ ክፍሎች ታተመ፤ አምስተኛው ክፍል ለዕፀዋትና ለእንስሳት የተመደበ ነው። ከኢትዮጵያ ካመጣቸው የግዕዝ መጻሕፍት መካከል በአውሮፓ ጠፍቶ የነበረው መጽሐፈ ሄኖክ መገኘቱም ስሙን ከፍ አድርጎታል።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የተፈጸመ አንድ በደል አለ። ብሩስ ሥዕሎቹን ሁሉ የራሱ እንደ ሆኑ አድርጎ አቀረበ፤ ባሉጋኒም ወደ ግሽ ዓባይ ከመሄዳቸው በፊት እንደ ሞተ ጻፈ። ይህ እውነት አይደለም። ባሉጋኒ ከእርሱ ጋር ግሽ ዓባይ ደርሷል፤ ከመሞቱ በፊትም የአየርን ጠባይ መዝግቧል፣ ዕፀዋትን ሥሏል። ሥዕሎቹ ዛሬ በአሜሪካ በየል ዩኒቨርስቲ የሚገኙ ሲሆን፣ በ1991 የታተመ ጥናት የዕፀዋቱን ሥዕሎች ለእውነተኛው ባለቤታቸው ለባሉጋኒ መልሶለታል። ሥራው ለባለቤቱ የተመለሰለት ከሞተ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

የዋጊኖስ ታሪክ ከብሩስ በኋላም ቀጥሏል። ዕፁ ብሩስ ካመጣው ዘር በአውሮፓ በቅሎ በ1779 ብሩሲያ አንቲዲሰንቴሪካ የሚል ሳይንሳዊ ስም ተሰጠው፤ ትርጓሜውም የደም ተቅማጥን የሚያግድ የብሩስ ዕፅ እንደ ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ግን የስም ስሕተት ተከሰተ። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች አንጎስቱራ ከሚባለው ቅርፊት ጋር የተቀላቀለ መርዛም ቅርፊት ተገኘ። ቅርፊቱ ከብሩሲያ ዛፍ እንደ መጣ ስለ ተገመተ፣ ፔሌቲየና ካቫንቱ የተባሉት ፈረንሳውያን መድኃኒት ቀማሚዎች በ1819 ከእርሱ ያወጡትን መርዝ ብሩሲን ብለው ሰየሙት። በእውነቱ ቅርፊቱ የስትሪክኒን ምንጭ የሆነው የህንድ ዛፍ ነው። ግምቱ ስሕተት መሆኑ ቢታወቅም ስሙ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። በዋጊኖስ ውስጥ ብሩሲን የለም። የአገሬውን ሰው ሳይጠይቁ፣ ዕፁን በዓይን ሳያዩ ስም መስጠት ንጹሑን መድኃኒት የመርዝ ስም ተሸካሚ አደረገው።

ከዚህ በኋላ 150 ዓመት አልፎ በ1973 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ዋጊኖስ ብሩሲያንቲን የተባለ ንጥረ ነገር አወጡ። በላቦራቶሪ የነቀርሳ ሕዋሳትን የሚገድል ሆኖ በመገኘቱ በሕሙማን ላይ ተሞከረ፤ የተጠበቀውን ውጤት ስላላሳየ ግን በ1980ዎቹ ሙከራው ተቋረጠ። ኮሶም የስም ውዝግብ ደርሶበታል። ብሩስ በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሊጠራው ፈልጎ ነበር። በ1791 የተሰጠውና የጸናው ስም ግን የኮኒግስበርጉን መድኃኒት ቀማሚ ሃገንን የሚያስታውሰው ሃጌኒያ አቢሲኒካ ነው። በ1864 ኮሶ በብሪታንያ የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ ገባ። በሃያኛው መቶ ዓመት አዳዲስ የትል መድኃኒቶች ሲገኙ ቦታውን ለቀቀ፤ መጠኑ ሲበዛ የዓይን ብርሃንን እስከ መጉዳት የሚደርስ በመሆኑ መተካቱ ተገቢ ነበር።

ብሩስ በመጨረሻ ዘመኑ ሰውነቱ እጅግ ከብዶ ነበር። በሚያዝያ 1794 በኪኔርድ ቤቱ ግብዣ አድርጎ አንዲትን እንግዳ ወደ ሠረገላዋ ለመሸኘት ሲቻኮል በደረጃው ላይ እግሩ አዳለጠው፤ በራሱም ወደቀ። ሚያዝያ 27 ቀን ሳይናገር ሞተ፤ ዕድሜው 63 ዓመት ነበር። የኑቢያን በረሃ በቆሰሉ እግሮቹ ያለፈ ሰው በገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ አበቃ።

ከሞተ በኋላ የመጡ ተጓዦች ብሩስ ከጻፈው አብዛኛው እውነት መሆኑን መሰከሩለት። የሚነቀፍበትም ቢሆን ተለይቶ ታውቋል፤ የባልንጀራውን ሥራ መደበቁ፣ ቀዳሚዎቹን መካዱ፣ የራሱን ጀግንነት ማጋነኑ ነው። የሚመሰገንበት ደግሞ ዕፅን ሲመዘግብ የአገሩን ስም፣ የሚበቅልበትን ሥፍራ፣ የሚወሰደውን ክፍልና በበሽተኛው ላይ የታየውን ውጤት ለይቶ መጻፉ ነው። ዛሬ በጉና ዙሪያ ከአዋቂዎች ቃል የዕፀ መድኃኒት ዕውቀት የሚሰበስብ ባለሙያ ከብሩስ ይህን ሥርዓት ሊወስድ ይገባዋል። በዚያው መዝገብ ላይም፣ ባለቤቱ ከፈቀደ፣ ብሩስ የዘለለውን አንድ መሥመር መጨመር አለበት፤ ይኸውም ዕፁን ያሳየው ሰው ስም ነው።